ሞተሩን ለሚካኤል

የካቲት 3፣ ሰኞ

መብራት ዛሬም የለም። ብየዳ ቆመ። የመኪናዬን የኋላ አክስል ለማሰር ሁለት ነጥብ ብቻ ነበር የቀረኝ። ሁለት ነጥብ! ደሜ ፈላ። ምን አደርጋለሁ፣ ሞረድ አንሥቼ የቱቦላሬውን ብረት ጫፍ ስሞርድ ዋልኩ። መለካት፣ መሞረድ፣ እንደገና መለካት። መዳፌ ውኃ ቋጥሯል። ይሄንን የምጽፍልሽ እስክሪብቶውን በሁለት ጣት ይዤ ነው፤ ጽሑፌ ቢንሻፈፍ አትፍረጅብኝ፣ ማስታወሻዬ።

ስለ መኪናዋ ስነጫነጭብሽ እከርማለሁ እንጂ አንድም ቀን በወጉ አላስተዋወቅኩሽም። እንግዲህ ተዋወቂ። የጣልያን የውድድር መኪና ናት፤ ግን በግማሽ ልክ። ፎቶዋን ስልኬ ላይ አገኘሁ፣ በማስመሪያ ለካሁ፣ ሁሉንም ለሁለት አካፈልኩ። ርዝመቷ ከእማዬ አልጋ ትንሽ ቢበልጥ ነው። ቁመቷ ወገቤ ጋ አይደርስም። አጥንቷ ቱቦላሬ፣ ቦዲዋ ላሜራ፣ እግሯ የባጃጅ ጎማ። ሞተሯ የታላቅ ወንድሜ የአንተነህ።

አንተነህ ሞተር ሳይክሉን እቤት ጥሎ ወደ ቤኒሻንጉል፣ ወርቅ ቁፋሮ፣ ከሄደ ቆየ። ድምፁን ከሰማን ወራት። ከተማ ውስጥ ሞተር መንዳት ከተከለከለ ወዲህ እቃ ቤት ላስቲክ ለብሳ ቆማ ነበር። ሞተሩን አውርጄ መኪና ልሥራበት ስል እማዬ ዝገት ከሚበላው ብላ ፈቀደች። በአፏ ፈቅዳለች። ይሄን አስምሬበታለሁ።

ለምን እንደምሠራት ታውቂያለሽ። በአውቶሞቲቭ ተመርቄ ከመጣሁ ጀምሮ እዚህ ግቢ ውስጥ ነኝ። መንገዱ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል። የከተማችን ስም፣ ፍኖተ ሰላም፣ ማለት የሰላም መንገድ ነው ብለው ት/ቤት አስተምረውናል። መንገዱን የሚያሳየኝ ግን አጣሁ። ቡሬ ላይ ጋራዥ ያላቸው ጋሽ ውበቱ ብቻ ናቸው የሆነ ነገር ያሉኝ፦ ሠርተሽ ጨርሰሽ አምጪልኝ፣ እጅሽን ልይ፣ ከወደድኩት ጋራዡ ውስጥ ቦታ አለሽ። ስለዚህ መኪናዋ ማመልከቻዬ ናት። የወረቀቱን ማመልከቻማ ስንቱን ጻፍኩ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ

መብራት መጣ! ቁርስ ሳልበላ በየድኩ። አክስሉ ታሰረ። ካቴናውን፣ ሰንሰለቱን ማለቴ ነው፣ ገጠምኩ፤ ጎማውን በእጄ ሳሽከረክረው ወደ ግራ ይስባል። የፊቱና የኋላው ጥርስ አልተያዩም። አፍርሼ እንደገና። ምሳ ሰዓት ላይ ተያዩልኝ። ብቻዬን እልል አልኩ።

እማዬ እንዝርቷን ይዛ በር ላይ ትቀመጣለች። ስሠራ ታየኛለች፤ አትናገርም። ዛሬ ግን ስንት ሰው ነው የምትይዘው አለችኝ። አንድ አልኳት። አንድ ብላ ደገመችውና ወደ ፈትሏ ተመለሰች። ልኳ ግማሽ ስለሆነ ነው፣ ለሁለት ወንበር ቦታ የለም ብዬ ማስረዳት ጀመርኩ። አንገቷን አላነሣችም። ከዚያ ወዲያ እጄ ሥራ እምቢ አለኝ።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

ጉድ ነው። ቁጭ ብለሽ ስሚኝ።

የንስሐ አባታችን ቄስ ምናለ መጡ። እኔ መኪናዋ ሥር ነኝ፤ የሚታየው እግሬ ብቻ። መስቀል ለመሳለም ወጣሁ። ፊቴ በግሪስ ተለውሷል፤ ንጹሕ ቦታ ፈልገው ግንባሬን አሳለሙኝ። ተመልሼ ገባሁ። እማዬ ጠላ ቀዳችላቸው። እነሱ ያወራሉ፣ እኔ ብሎን አጠብቃለሁ። ጨዋታው ስለ ስለት ሆነ። እማዬ በጥር ሚካኤል እንደተሳለች እየነገረቻቸው ነው። ቃሏን አንድም ሳይቀር ሰማሁት፦ «ልጄን መልስልኝ፣ ሞተሩን እሰጥሃለሁ።»

ሞተሩን! ከአፍንጫዬ በላይ የተንጠለጠለውን! ብድግ ስል ግንባሬ ከቱቦላሬው ጋር ተጋጨ። አሁን ድንች የሚያህል እብጠት ይዣለሁ።

ምነው እማዬ ሳትነግሪኝ አልኳት። ስለት ለሰው አይነገርም አለች። ለአባ እየነገርሽ አይደል ወይ ስላት፣ እኔ ሰው አይደለሁም ማለት ነው እንግዲህ ብለው ቄስ ምናለ በሳቅ ፈረሱ። እኔ አልሳቅኩም።

አንተነህ እንዲመለስ እኔም እጸልያለሁ። ከሞተር የሚበልጥም እሰጥ ነበር፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ግን የፈቀደችልኝን! ሠርቼ ሠርቼ ጫፍ ላይ ስደርስ! የተናደድኩት በማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም። በሚካኤል አይናደዱም።

የካቲት 13፣ ሐሙስ

ጠዋት ስነቃ መላው መጣልኝ።

ሞተር ማለት ሞተር ሳይክል ነው። አንተነህ ሞተር ገዛ ሲባል አገሩ ሁሉ የገባው ሁለት ጎማ ያለው ነገር ነው። የገባው ሌላ ነገር ነው የሚል ይምጣ። ሞተሩ ደግሞ እቃ ቤት አለ! ኮርቻው አለ፣ መሪው አለ፣ መብራቱ አለ፣ ታርጋው አለ። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ላስቲኩን ገፍፌ አጠብኩት። አቧራውን ሳራግፍለት አማረበት። እሱን እንስጥ አልኳት ለእማዬ።

የማይነሣ ሞተር ለሚካኤል ምን ያደርግለታል አለች።

የሚነሣውስ ምን ያደርግለታል፣ እሱ እንደሆነ ክንፍ አለው አልኳት።

አማተበች። ምሳ አቅርባልኝ ፊቷን አዞረች። ምላሴን ምን አባቱ እንደሚያደርገው አላውቅም፤ ከወጣ በኋላ ነው የሚቆጨኝ።

በስለት የገባ ነገር ምን እንደሚሆን ግን ታውቂያለሽ? በበዓሉ ቀን ቤ/ክ ግቢ ውስጥ ለጨረታ ይቀርባል። ጥላው፣ ምንጣፉ፣ ሙክቱ፣ ከመሃል ደግሞ የእኔ ሞተር። ከማንኩሳ የመጣ አትክልተኛ ያነሣዋል፣ ውኃ መሳቢያ ላይ ይገጥመዋል፣ ሽንኩርት ያጠጣበታል። ጥሩ ሽንኩርት ይሆናል። እኔ ደግሞ እዚሁ ቁጭ ብዬ እልጠዋለሁ።

የካቲት 17፣ ሰኞ

ጾም ተያዘ። ቄስ ምናለ ዘንድ ሄድኩ። ይፍረዱኝ አባ አልኳቸው፣ ሞተር ማለት የቱ ነው?

ስሕተቴ ይሄ ነበር። ቅኔ አዋቂ ሰው ፊት ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ማስቀመጥ ለልጅ ከረሜላ መስጠት ነው። ዓይናቸው በራ። ካላየሁ አልፈርድም ብለው ተከትለውኝ መጡ። መኪናዋን ዞሯት። ጎንበስ ብለው ሞተሩን ነካ ነካ አደረጉ። እቃ ቤት ገብተው ባዶውን ሞተር ሳይክል አዩ። ወጡ። ነፍስ የተለየችው ሰው ስሙ ይቀየራል ወይ አሉ፣ ለራሳቸው። ነፍሲቱስ ሌላ ሥጋ ብትለብስ በማን ስም ትጠራለች አሉ። እኔ በመሃል ልጮኽ ነው።

በስተመጨረሻ የፈረዱት ይህን ነው። ስለት የሚፈታው በገበያ ቋንቋ አይደለም፤ ስትሳል በልቧ የያዘችው ነው የሚታሰበው። ስለዚህ ልቧን ጠይቂያት አሉኝ።

አይ አባ! የእማዬ ልብ ጋ ለመድረስ ከዚህ እስከ ቡሬ ካለው የበለጠ ኬላ አለ።

የካቲት 24፣ ሰኞ። ከቀኑ 10 ሰዓት

ተነሣች! ተነሣች! ተነሣች!

ካርቡሬተሩን አጠብኩ፣ ካንዴላ ቀየርኩ፣ ቤንዚን ከላስቲክ ጠርሙስ ገለበጥኩላት። ረገጥኩ። አሳለች። ረገጥኩ። ጭስ ተፋች። ማስነሻውን ደግሜ ስረግጥ ግቢው ተናጋ። ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ። እማዬ ከቤት ወጣች፤ ከአፏ ላይ እጇን አላነሣችም።

ገባሁባት። ጉልበቴ ደረቴ ጋ ደረሰ። ፍሪሲዮን፣ አንደኛ ማርሽ፣ በሩን አልፌ ወጣሁ። ከበራችን እስከ ወፍጮ ቤቱ። ያቺን ታክል ብቻ። ግን ነፋሱ ፊቴን መታኝ፣ መሬቱ ከሥሬ ሮጠ። ስንት ጊዜ ሆነኝ በራሴ ፍጥነት የሆነ ቦታ ከሄድኩ? አለቀስኩ መሰለኝ። ጭሱም ሊሆን ይችላል።

ወፍጮ ቤቱ ጋ የሰፈሩ ጥበቃ ጋሽ ደሴ እጃቸውን ዘርግተው ቆመዋል።

«ሞተር ክልክል መሆኑን አልሰማሽም አንቺ?»

«መኪና ናት እኮ ጋሽ ደሴ። አራት ጎማ፣ መሪ፣ ወንበር። ይቁጠሩላት።»

ቆጠሩ። ቁጢጥ አሉ። ጆሯቸውን ወደ ጭስ ማውጫው፣ ወደ ማርሚታው፣ አስጠጉ። «ድምጿ ሞተር ነው» አሉ።

ሰው ተሰበሰበ። ግማሹ መኪና ናት፣ ግማሹ ሞተር ናት። ወፍጮ ቤቱ ሥራ አቆመ። ጋሽ ደሴ አገጫቸውን ሲያሹ ቆይተው ውሳኔ ሰጡ፦ ስትሄድ ሞተር ናት፣ ስትጫን ግን ዕቃ ናት፤ ዕቃ አልተከለከለም። ታዲያ እቤት በምን ልመልሳት ስል በመግፋት አሉ።

የሞተር ማርሽ ወደኋላ አይሄድም። መንገዱ ደግሞ ለማዞር አይበቃም። እኔ፣ ጋሽ ደሴና የወፍጮ ቤቱ ሰዎች በአራት ማዕዘን ተሸክመን አዞርናት። ስናስቀምጣት ጋሽ ደሴ መልካም መኪና ናት አሉኝ፣ በጆሮዬ።

የካቲት 28፣ ዓርብ

አንተነህ ደወለ!!

ከማናውቀው ቁጥር። እማዬ አነሣች። ማነው ማነው ስትል ቆየችና መሬት ላይ ዘፍ አለች። ስልኩን ከእጇ ነጠቅኳት። ደህና ነው። አሶሳ አካባቢ ነው። ቁፋሮውን ትቶ እንጨት ቤት ተቀጥሯል። ታሞ ነበር፣ ድኗል። ቢያንስ እስከ ክረምት ማብቂያ አይመጣም፤ መንገዱም አያስመጣም።

ሞተሬ ደህና ናት ወይ አለኝ። ልዋሸው? አልዋሸሁም፣ መኪና ሆናለች አልኩት። እስኪያስለው ሳቀ። አንቺ ልጅ ታደርጊዋለሽ፣ በይ ያንቺው ትሁን፣ ንጂያት አለኝ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። እማዬ ስልኩን ጉንጯ ላይ እንደለጠፈች ቀረች።

ደስ ብሎኛል። ይሄ ሁሉ ወር የተቀመጠብኝ ድንጋይ ከደረቴ ተነሣ። ደግሞ ሰው ክፉ ነው፤ በዚያው ቅጽበት ሌላ ነገር አሰብኩ። በሕይወት አለ እንጂ አልተመለሰም። ስለቱ ልጄን መልስልኝ ነው። ስለዚህ አልደረሰም። ስለዚህ ሞተሩ አይሰጥም። ይሄን ያሰብኩት እናቴ መሬት ላይ ተቀምጣ እያለቀሰች ነው።

መጋቢት 2፣ ማክሰኞ

የማይጻፍ ቀን ነው። ግን ለማን ልናገር።

ጠዋት እማዬ ንጹሕ ጨርቅ ይዛ መኪናዋ ጋ መጣች። ሞተሩን ልጥረገው አለች። ለምን አልኳት። መጋቢት ሚካኤል ዓርብ ሳምንት ነው፣ ስለቴን አስገባለሁ አለች። እኔ እንደ ጠበቃ ተነሣሁ። አንተነህ አልተመለሰም፣ ራሱ ነግሮሻል፣ አባ ራሳቸው ቢጠየቁ ያልደረሰ ስለት እንዴት ይሰጣል ነው የሚሉት፣ እያልኩ ወረድኩባት። ቁጭ ብላ ጨርቁን አጥፋ ጭኗ ላይ አኖረችና አስጨረሰችኝ።

«ለአንተነህ የተሳልኩት ጥላ ነው» አለች። «እሱን ሲመጣ አስገባለሁ።»

«ታዲያ ሞተሩ?»

«ላንቺ ነዋ።»

አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። ያን ጊዜ፣ ጥር 11 ማታ፣ ከጋሽ ውበቱ ጋር በስልክ ሳወራ ሰምታኛለች። እመጣለሁ፣ መኪናዋም ባታልቅ እንዳለች ይዣት እመጣለሁ ስል። በማግስቱ ሚካኤል ነበር። ሄዳ ተንበረከከች። ልጄን መልስልኝ አለች። ልጇ እኔ ነኝ። መልስልኝ ማለት ካሰበችው መንገድ መልሰህ አስቀርልኝ ማለት ነው። ሞተሩም ያወረድኩት ሞተር ነው፤ ግቢ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ እያየችው ነው የሄደችው። እኔ ወንድሜ ነው፣ ይመጣል፣ ሞተር ሳይክሉ ነው፣ እያልኩ ሦስቱንም ቃል ሳትኩ። እማዬ ቅኔ ቤት ደጃፍ አልፋ አታውቅም።

ታዲያ አልተመለስኩም እኮ አልኳት። ተመልሰሻል፣ ይኸው አለሽ አለች። ያኔ የሳምንቱ መጨረሻ ላይ መንገድ ተዘጋ፣ እኔም ቀረሁ። ሚካኤል ነው የዘጋው በይኛ ብዬ ጮህኩ። ጨርቁን መኪናዋ ላይ አኑራ ገባች።

ምን ያህል እንደተናደድኩ! ታስሬያለሁ፣ ያሰረችኝ ደግሞ የምወዳት ናት፣ ያሰረችኝም በጸሎት ነው። በጡጫ የሚመታ ነገር የለውም።

መጋቢት 4፣ ሐሙስ

አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ለአንተነህ ጥላ፣ ለእኔ ሞተር። ከቤታችን ውስጥ ካለው ሁሉ ዋጋ ያለው ሞተሩ ነው። ለእኔ የከፈለችው ትልቁን ነው ለካ።

ይህን ሳስብ ንዴቴ ጥሎኝ ሄደ። ንዴቱ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 7፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ምናለን ነጠል አድርጌ ያዝኳቸው። እማዬ በልቧ የያዘችውን ነገርኳቸው። መጀመሪያ ግሩም ነው አሉ፤ በቃሉ እንደተደሰቱ ታውቆባቸዋል። ከዚያ ፊቴን አዩና ደስታቸውን ሰበሰቡ።

እንግዲህ አስቢው፣ ማስታወሻዬ። ከቀረሁ፣ ስለቱ ደርሷል፣ ሞተሩ ይሰጣል። ከሄድኩ፣ ልጇ አልተመለሰችም፣ ስለቱ አልደረሰም፣ ሞተሩ የእኔ ነው። ብቀር ያለ ሞተር እቀራለሁ፤ ብሄድ ያለ እናት እሄዳለሁ። የትኛው ነው ትክክል አልኳቸው።

ትክክሉን አልነገሩኝም። የደረሰ ስለት ይሰጣል፣ ያልደረሰ አይሰጥም አሉ። ይሄን ሲሉ ያዩ የነበሩት እኔን አይደለም፤ ወደ ቡሬ የሚወስደውን አስፋልት ነው። ደግሞ ቀጠሉ፦ እናትን ማሳዘን ግን በስለት አይለካም። መስቀላቸውን አሳልመውኝ ሄዱ። ሰውየው አንዱንም በር አልዘጉልኝ፣ አንዱንም አልከፈቱልኝ።

መጋቢት 9፣ ማክሰኞ

ጋሽ ውበቱ ደወሉ። መንገድ ሊከፈት ነው። ዓርብ፣ መኪኖቹ በአጀብ ያልፋሉ። የሚያውቁት ሾፌር ፍ/ሰላም ጨው አራግፎ ባዶውን ወደ ቡሬ ይመለሳል፤ መኪናዋን በኢሱዙው ይጭናታል። ጋሽ ደሴ ዕቃ ናት ብለው ፈርደዋልና ኬላው አያስቸግርም። ከዚያ ወዲያ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም። ቦታውን ለብዙ ጊዜ ባዶ ማቆየት አልችልም አሉኝ። ያመነታሁ መስሏቸው ተናደዱ፤ ጋሽ ውበቱ አዊ ናቸው፣ ሲናደዱ በአዊኛ ነው የሚናገሩት። ምን እንዳሉኝ አላውቅም። ይገባኛል ግን።

ዓርብ። መጋቢት 12። ሚካኤል። ከዓመቱ ቀን ሁሉ!

ለእማዬ አልነገርኩም።

መጋቢት 11፣ ሐሙስ

ጠዋት የሞተሩን ብሎኖች ፈታሁ። ከሰዓት መልሼ አጠበቅኳቸው።

እማዬ ስፈታ አይታኛለች። ፊቷ በራ። ቆይቶ የጎመን ወጥ ሠርታ አቀረበችልኝ፣ ከጎኔም ተቀመጠች። ስለ ልጅነቴ አወራች፤ የሬዲዮውን ሆድ ዕቃ ዘርግፌ አባቴ ሳይመታኝ እንደቀረ። ሳቀች። እንደዚህ ስትስቅ መች አየኋት? መልሼ ሳጠብቅ ደግሞ ቤት ውስጥ ነበረች፤ አላየችም። ስለዚህ ነገ ሞተሩን ቤ/ክ ይዤላት የምሄድ ይመስላታል። አልዋሸኋትም፤ ዝም ብያት ብቻ ነው። ዝምታውም ውሸት ነው።

ልብሴን በሻንጣ አድርጌያለሁ። ሻንጣው አልጋዬ ሥር ነው። አሁን ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቅዳሴው የጾም ስለሆነ ቀን ላይ ነው። እሷ ቤ/ክ ስትሆን ኢሱዙው ይመጣል፣ እንጭናለን፣ እሄዳለሁ። ስትመለስ የለሁም። ማልቀሷን አላይም። ማየት አልችልም፣ ማስታወሻዬ፣ በእውነት አልችልም። ካየሁ እቀራለሁ።

መጋቢት 12፣ ዓርብ። ከቀኑ 8 ሰዓት

መኪናዋ ተጭናለች። ጋሽ ደሴ ሳይቀሩ አንሥተዋል። በገመድ ታስራለች፤ ከኢሱዙው ጎን አፍንጫዋ ብቻ ብቅ ብሎ ይታያል። ሻንጣዬ ጋቢና ገብቷል። ሾፌሩ ክላክስ ያደርጋል። አጀቡ መናኸሪያው ጋ እየተሰለፈ ነው፣ ትተውኝ እንዳይሄዱ ይላል፤ ፍርሃቱ ገብቶኛል።

እማዬ ጠዋት ስትወጣ ሞተሩን ከቅዳሴ በኋላ ታመጪዋለሽ አለችኝ፣ እየጠየቀች ሳይሆን እየተማመነች። እሺም እምቢም አላልኩም። ነጠላዋን አስተካከልኩላት።

ጋቢና ልገባ እግሬን አንሥቼ ነበር። አንድ ነገር ያዘኝ። አንተነህም የሄደው እሷ ቅዳሴ ላይ ሳለች ነው። ስትመለስ አልጋው ተነጥፎ አገኘችው። ከዚያ ወዲህ ከቤ/ክ ስትመለስ በሩ ላይ ደርሳ ትቆማለች፣ ስሜን ትጠራለች፣ አቤት እስክል አትገባም። ሁልጊዜ ትጠራኛለች። ሁልጊዜ እንደ አመል ነው የምቆጥርላት፣ አንዳንዴማ ተሰላችቼ ምንድነው እላታለሁ።

ዛሬም በሩ ላይ ቆማ ትጠራኛለች። መልስ የለም።

አይሆንም። ይሄን አላደርግባትም።

ወርጄ የበሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ጉልበቴ ላይ ነው የምጽፍልሽ። ለሾፌሩ ካልቻልክ ሂድ፣ መኪናዋን ለጋሽ ውበቱ አድርስልኝ፣ እኔ በእግሬም ቢሆን እመጣለሁ አልኩት። ተሳደበ፣ ሞተር አጠፋ፣ ሲጋራ ለኮሰ። ይቆይልኛል መሰለኝ።

ወስኛለሁ፣ ማስታወሻዬ። ፊት ለፊት። እያየችኝ። ልታለቅስ ትችላለች፣ ልትረግመኝ ትችላለች፣ እግሬ ሥር ልትወድቅ ትችላለች። እንደዛም ሆኖ እሄዳለሁ። ሳልነግራት አልሄድም፣ ነግሬያት አልቀርም። ከዚህ ሌላ መውጫ የለም፤ ሌላው ሁሉ መሸሽ ነው።

ቅዳሴ ወጣ። ነጭ የለበሰው ሰው መንገዱን ሞላው። ለየኋት፤ ከሁሉ በስተኋላ ናት፣ ጥላዋን ተመርኩዛ። ቀስ ትላለች። ጉልበቷን ያማታል፣ ይሄንንስ ማን

ኢሱዙውን አየችው። ቆመች። አፍንጫዋን አየች፣ የመኪናዋን። አሁን እኔን እያየችኝ ነው።

ልነሣ። እማዬ ልላት ነው፣ እሄዳለሁ እማዬ፣ ግን አንቺን ትቼ አይደለም።